መዳቡ መድኃኒት እስኪሆን በእጅ ያለው አይባክን

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ያረጀ መዳብ በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል። እህሉን ሸጦ ከዚያው ገበያ የሚመለስ ገበሬ ደግሞ ለታመመ ልጁ ወይም ለታመመች ላሙ ያለ ማዘዣ የገዛውን ጥቂት ፍሬ ክኒን በመሐረቡ ቋጥሮ ይሄዳል። መዳቡንና ክኒኑን የሚያገናኝ ጉዳይ መኖሩን የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሊያውቁት ይገባል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። መዳብ፣ ዚንክና ኮባልት ባክቴሪያን የመጉዳት ኃይል አላቸው። ለብቻቸው ሲሆኑ ግን የባክቴሪያውን ቅባታማ ሽፋን ዘልቀው ለመግባት ይቸገራሉ። ስለዚህ የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ብረቱን ከቪታሚን ወገን ከሆነው ከኒኮቲናማይድና ኢሚዳዞል ከተባለው ውሑድ ጋር ያጣምሩታል። የተጣመረው ብረት ሽፋኑን በቀላሉ እንደሚያልፍ ይታሰባል። ነገሩ ፍጹም እንግዳ አይደለም። ሜትሮኒዳዞል የተባለው የታወቀ መድኃኒት የኢሚዳዞል ቤተሰብ ነው። በከብት ጨጓራ የሚዘጋጀው ቪታሚን ቢ12ም ኮባልትን በመካከሉ ይዟል።

በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ ተመራማሪዎች የብረት ውሑዶችን በባክቴሪያ ላይ ፈትነዋል። ጥረቱ ሊደገፍ ይገባዋል። ሆኖም በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ ባክቴሪያ የገደለ ሁሉ ሰውን ያድናል ማለት አይደለም። ጉዳት የሌለው መሆኑ በእንስሳት፣ ቀጥሎም በሰው እስኪረጋገጥ ብዙ ዓመታት ይወስዳል። መዳብ ሲበዛ መርዝ ነው፤ በተለይ በግን ይገድላል። በመሆኑም ማንም ሰው የመዳብ ዱቄት በጥብጦ ለከብቱም ሆነ ለራሱ መስጠት የለበትም።

አዲሱ መድኃኒት እስኪደርስ ያለው አሮጌው ነው። እሱም በአጠቃቀም ጉድለት እየተበላሸ ነው። ከታዘዘው መጠን በታች የተወሰደ መድኃኒት ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ብርቱውን ያስቀራል፤ ብርቱውም ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እንደሞቱ ተገምቷል።

ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፣ ገንዘቡም አነስተኛ ነው የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ክርክሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን ያላዳነ ክኒን ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ያስወጣል፤ ጥጃውንም ያሳጣል። ስለዚህ ገበሬውን መውቀስ ብቻ አይበቃም። መሪዎች በጤና ኬላውና በእንስሳት ክሊኒኩ መድኃኒት እንዳይጠፋ ወረዳውን አጥብቀው መጠየቅ አለባቸው። በየስብሰባውም ሦስት ነገሮችን ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል፦ መድኃኒት በባለሙያ ትእዛዝ እንዲገዛ፣ የታዘዘው መጠን እንዲጠበቅ፣ የታከመች ላም ወተትም ባለሙያው የወሰነው ቀን ሳይሞላ እንዳይጠጣ።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ዛሬ በእጅ ያለው መድኃኒት ወርቅ መሆኑን ገበሬው ከማጣቱ በፊት እንዲረዳው ማድረግ የመሪዎቹ ኃላፊነት ነው።