የስንት ዓመት ጊታር ነው? የማንስ ነው?

ስለ ትዳርና ስለ ገንዘብ ስንነጋገር ምሳሌያችን አብዛኛውን ጊዜ ልብስ፣ ድግስና ብድር ነው። ዛሬ ግን በየአጥቢያው የመዘምራን ክፍል ሁልጊዜ የሚነሣ፣ በቤት ውስጥ ግን ባልና ሚስት ተቀምጠው የማይመክሩበት ጉዳይ ላነሣ እወዳለሁ። እርሱም የቤዝ ጊታር ግዢ ነው። ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ፤ ነገር ግን ታገሡኝ።

ከደባርቅ ተነሥታችሁ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ስትወርዱ ብርዱን ትታችሁ ወደ ድብ ባሕር ሙቀት ትገባላችሁ። በዚያ የሚኖሩ ባልና ሚስት በቅርቡ አንድ ጥያቄ ይዘው መጡ። እርሱ መምህር ነው፤ በአምልኮ ጊዜ ቤዝ ይጫወታል። እርሷ ሻይ ቤት አላት። ዕቁብ ወጥቶላታል፤ ልጃቸው ደግሞ በመስከረም ደባርቅ ቤት ተከራይታ ልትማር ነው። እርሱ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ቤዝ ለማስመጣት አስቧል፤ ሁለት አማራጭም አግኝቷል። አንደኛው በ2012 ቻይና ውስጥ የተሠራ ያገለገለ ሲሆን ሁለተኛው ኢንዶኔዥያ ውስጥ የተሠራ አዲስ ነው። ሁለቱም «የስድሳዎቹ ጃዝ ቤዝ» ይባላሉ። (የጊታሮቹን ዓመታት የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ሚስትየዋ፣ «እትዬ፣ ሁለቱም የስድሳዎቹ ከተባሉ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? ደግሞስ የልጄን የቤት ኪራይ ማን ይከፍልልኛል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ሁለት ነው። ከመጀመሪያው ልጀምር። እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ ነገር ግን የሚያውቁትን ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

በጊታሩ ስም ላይ ያለው ዓመትና ጊታሩ የተሠራበት ዓመት የተለያዩ ናቸው። ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ፕሪሲዥን የሚባለውን ቤዝ በ1951 አወጣ። በ1957 ፒካፑ ለሁለት የተከፈለ ሆነ። በ1960 ደግሞ ሁለት ፒካፕ ያለውና አንገቱ ቀጠን ያለው ጃዝ ቤዝ ወጣ። የእነዚያ ዘመናት ጊታሮች ዛሬ ዋጋቸው የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ የዚያው ኩባንያ ቅርንጫፍ የሆነው ስኳየር ከ2008 ጀምሮ በቻይና «ክላሲክ ቫይብ» በሚል ስም የጥንቶቹን መልክ የያዙ፣ ዋጋቸው ቀለል ያለ ጊታሮችን አወጣ። በ2019 ሥራው ተከልሶ በኢንዶኔዥያ የሚሠሩት መጡ። እንግዲህ «ስድሳዎቹ» ማለት መልኩ ነው፤ ዕድሜው አይደለም።

ዕድሜውን ለማወቅ መለያ ቁጥሩን ተመልከቱ። በቻይና የተሠራው ብዙውን ጊዜ በላቲኑ «ሲ» ፊደል፣ በኢንዶኔዥያ የተሠራው በ«አይ» ይጀምራል። ከፊደላቱ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አኀዞች ዓመቱን ያመለክታሉ፤ 12 ከሆነ 2012 ማለት ነው። ሻጩ የነገራችሁ ዓመት ከዚህ ጋር ካልተስማማ ደግማችሁ ጠይቁ።

በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም አልልም። ለምሳሌ በቻይናዎቹ ስድሳዎች ላይ ጣት የሚያርፍበት እንጨት ሮዝውድ ነበር። በ2017 የዚህ እንጨት ንግድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥጥር ስለ ተደረገበት ብዙ ፋብሪካዎች ወደ ሌላ እንጨት ዞሩ፤ በ2019ኞቹ የኢንዶኔዥያ ጊታሮች ላይም የሕንድ ሎረል የሚባለው ተተካ። በ2019 መጨረሻ ቁጥጥሩ ለተሠሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች ቢላላም ለውጡ ቀድሞ ተደርጎ ነበር። ይህ በዓይን ይታያል። በጉባኤ መካከል ተቀምጦ በጆሮ የሚለየው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ከሥሪት ዓመት ይልቅ የአሠራሩ ዓይነት ይበልጥ ይለያያል። የጃዝ ቤዝ አንገት በጫፉ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የጥንቱ ፕሪሲዥን ደግሞ 44 ገደማ ነበር። እጁ ትንሽ ለሆነ ወጣት ወይም ለምትጫወት እኅት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሰባዎቹ ጃዝ ቤዝ የኋላ ፒካፑ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ክሮቹ ማሰሪያ ስለሚጠጋ ድምፁ ሰላ ይላል። በእኛ አገር ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። የአዳራሹ ኤሌክትሪክ ምድር ሽቦ ከሌለው ጃዝ ቤዝ አንዱ ፒካፕ ብቻ ሲከፈት እንደ ንብ ያማል፤ ሁለቱ እኩል ሲከፈቱ ግን ይቀንሳል። ለሁለት የተከፈለ ፒካፕ ያለው ፕሪሲዥን ይህ ችግር እምብዛም የለበትም። ይሁን እንጂ ምድር ሽቦ ለጊታሩ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ለተጫዋቹም ሕይወት ነውና አጥቢያዎች አስቀድማችሁ አሠሩት።

ያገለገለ ጊታር ስትገዙ አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ጥይት ዒላማ አነጣጥራችሁ እዩት፤ ተጣሞ እንደ ሆነ ይታወቃል። በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ የሚዞር መሆኑን ጠይቁ። እንጨት ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከእርጥበት ወደ ድርቀት ሲሄድ ይንቀሳቀሳል፤ ከደባርቅ ድብ ባሕር የሚወርድ ጊታር ዘንጉ ካልሠራ ማስተካከያ የለውም። እያንዳንዱን ፍሬት በእያንዳንዱ ክር ተጫወቱ። መቃኛዎቹን አዙሩ። የድምፅ ማስተካከያዎቹ ሲዞሩ የሚንኮሻኮሹ ከሆነ ጥገና እንደሚፈልጉ እወቁ። ክሮቹም አይዘንጉ፤ አዲስ ክርና ጥሩ ማስተካከያ ከ2012 እና ከ2020 ልዩነት የበለጠ ድምፁን ይለውጣሉ። የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ የተጫወተባቸውን በርካታ ካሴቶች የሰማ ትውልድ የጊታሩን የሥሪት ዓመት ጠይቆ አያውቅም፤ የሰማው እጁን ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ጊታሩ የማን ነው? ወንድማችንን ይህን ስጠይቀው ዝም አለ። በእሑድ አምልኮ፣ በኮንፈረንስና በሠርግ የሚያገለግለው ለጉባኤው ነው። ገንዘቡ የሚወጣው ግን ከሚስቱ ዕቁብ ነው። ቢሰረቅ የቤቱ ኪሳራ ነው፤ ከአጥቢያው ቢለቅቅ ደግሞ «የቤተ ክርስቲያን ነው» የሚል አይጠፋም። ይህ ሳይነገር የሚቀር ነገር ብዙ አገልጋዮችን ከባለቤታቸውም ከሽማግሌዎችም አጋጭቷል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ተማከርን። አንደኛ፣ የልጅቱ የቤት ኪራይ አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚገዛ ዕቃ በብር ሲቆጠር በእጅጉ ንሯል፤ አምና የታሰበው ዘንድሮ አይበቃም። ሁለተኛ፣ ባልና ሚስቱ የዋጋውን ጣሪያ ሻጩን ከማነጋገራቸው በፊት በወረቀት ይጻፉ፤ መያዣውን፣ ገመዱን፣ ክሩንና የቀረጡን ጭምር ያስቡ። ጌታ ራሱ በሉቃስ 14፥28 ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው ሲናገር ወጪን አስቀድሞ ተቀምጦ ስለ መቁጠር አስተምሮናልና። ሦስተኛ፣ ጊታሩ ለአጥቢያው የሚያገለግል ከሆነ ሽማግሌዎች ተጠይቀው ድርሻቸውን ይክፈሉ፤ ንብረቱ የማን እንደ ሆነም ተጽፎ ይፈረም።

ሽማግሌዎቹ ግማሹን ለመክፈል ተስማሙ። ወንድማችንም በጣሪያው ውስጥ የገባለትን፣ ያገለገለውን የ2012 ጊታር መረጠ፤ ዘመዱ አንገቱን ካየለትና ፍሬቶቹን ከሞከረለት በኋላ እንዲከፍልለት አደራ ብሏል። እርሷም፣ «እንግዲህ እሑድ ስሰማው የልጄ ኪራይ እየተጫወተ አይመስለኝም» አለች።

የአጥቢያ ሽማግሌዎች ሆይ፣ በመዘምራን ክፍላችሁ ያሉት ጊታሮች፣ ኪቦርዶችና ማይክሮፎኖች በማን ቤት ገንዘብ እንደ ተገዙ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ባለትዳሮችስ፣ ለጌታ የምንሰጠውን ሁለታችንም እያወቅን እንስጥ። በመዝሙር 33 መልካም አድርገን እንድንዘምር ታዘናል፤ መልካም ዝማሬ ከተስማማ ቤት ሲወጣ ይበልጥ ያምራል።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።