«ብችል እመጣ ነበር» ያለው እጮኛ ይመጣል ወይ?

የዛሬው ጥያቄ የፍቅርም የሰዋስውም ነው። ጠያቂያችን ከጉራጌ ዞን፣ ከአታት ነች። እጮኛዋ ጅቡቲ ይሠራል። እዚያ አገር የመንግሥት ቋንቋው አረብኛና ፈረንሳይኛ ስለሆነ ልጁ ፈረንሳይኛ ጀማምሯል፤ እሷም እሱን ለመከተል መጽሐፍ ገዝታ እየተማረች ነው። «ለመስቀል ትመጣለህ ወይ?» ብትለው «ሲ ዠ ፑቬ፣ ዠ ቪያንድሬ» ብሎ ጻፈላት። (በአማርኛ ቢጽፍላት ምን ነበረበት? ወይም በጉራጊኛ!) እሷም «ከቻልኩ እመጣለሁ» ብላ ተርጉማ ለእናቷ አበሰረች። ቅቤው ተነጥሯል፣ ለክትፎው ሁሉ ተዘጋጅቷል። የጉራጌ ልጅ ለመስቀል ቀረ ማለት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

እህቴ፣ ቀስ በይ።

«ከቻልኩ እመጣለሁ» በፈረንሳይኛ «ሲ ዠ ፐ፣ ዠ ቪያንድሬ» ነው። ከ«ሲ» ቀጥሎ የአሁን ጊዜ ግሥ ከመጣ ሌላው ወገን የወደፊት ይሆናል፤ ነገሩም ሊሆን የሚችል ነው። እሱ የጻፈው ግን «ፑቬ» ነው። ይሄ «አምፓርፌ» የሚሉት ያለፈ ጊዜ ነው፤ ከ«ሲ» ጋር እንዲህ ሲገባ ግን ስለ ትናንት ሳይሆን ዛሬ ስለሌለ ነገር ያወራል። «ብችል እመጣ ነበር» ማለቱ ነው። በግልጽ አማርኛ፣ አልቻልኩም።

«ቪያንድሬ» ቢያሳስትሽ አይፈረድብሽም፣ ሁለቱም ለጆሮ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ጽሑፉን አውጪና የቃሉን መጨረሻ እዪ። «ኤስ» ካለችበት «እመጣ ነበር»፣ ከሌለችበት «እመጣለሁ» ነው። ከ«ፑቬ» ጋር ሆኖ ኤስ ከሌለችበት ግን ልጁ ራሱ ተምታቶበታል፤ ሳትውይ ሳታድሪ ደውለሽ ጠይቂው። የፈረንሳይኛ መምህራን «ሲዎች ሬዎችን አይወዱም» የሚሉት ጀማሪው ሁሉ «ሬ»ዋን ከ«ሲ» አጠገብ እየለጠፈ ስላስቸገራቸው ነው። «ሬ» ቦታዋ ሁልጊዜ በሌላው ወገን ነው።

መስቀል አልፎ «ሲ ዣቬ ፒዩ፣ ዠ ሰሬ ቨኒዩ» ካለሽ ደግሞ «ችዬ ቢሆን ኖሮ መጥቼ ነበር» ነው። የእኛ «ብችል እመጣ ነበር» ለዛሬም ለትናንትም ይሠራል፤ ፈረንሳዮች ግን ለሁለት ከፍለውታል።

መልሱን አንቺም በፈረንሳይኛ ስጪው። «ሲ ቱ ቪያን፣ ዠ ታታንድሬ» ካልሽው «ከመጣህ እጠብቅሃለሁ» ነው። በ«ሲ ቱ ቨኔ» ጀምረሽ መጨረሻ ላይ ኤስዋን ከጨመርሽባት «ብትመጣ እጠብቅህ ነበር» ይሆናል። ይሄኛውን እንኳ እስከ መስከረም 17 አቆዪው።