ለአንድ የዓሣ ማጥመጃ ሪል 900 ዶላር?

በዚህ ዓምድ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ልጆች ክትባት መጠየቅ ለምጃለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ስለ ዓሣ ማጥመጃ ተጠየቅሁ። ጠያቂዋ ቨርጂኒያ ልጃቸው ዘንድ ስድስት ወር ከርመው በቅርቡ የተመለሱ የባሕር ዳር አያት ናቸው። ልጃቸው ለባሕር ዳርቻ ዓሣ ማጥመጃ አንድ ሪል በ900 ዶላር ገዝቶ ምራታቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ አኩርፋ እንደነበር ጻፉልኝ። «እንደው ምኑ ነው ይህን ያህል የሚያወጣው? ልጄ ተታሎ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?» ይላሉ። አሮጌውን ሪል ደግሞ ለአባቱ ሊልክለት አስቧል፤ አባትየው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጣና ዳር መዋል ይወዳሉ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። መልሼ ሳነበው ግን የሚያስቅ ነገር አጣሁበት። 900 ዶላር እዚያም ቢሆን ገንዘብ ነው፤ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ስትሠራ ለምታድር ምራት የስንት ሌሊት ድካም ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሲነዳ የሚውል ሰው ቅዳሜ ባሕር ዳር ቆሞ የሚያገኘውን ዕረፍት እኔ በክኒን ልሰጠው አልችልም።

ጉዳዩን ጥቂት የማውቀው በአማቼ በኩል ነው። ልጄ ሜሪላንድ ስለምትኖር እርሷ ዘንድ በከረምኩባቸው ጊዜያት ኦሽን ሲቲና አሳቲግ ደሴት ድረስ አብሬያቸው እየሄድኩ፣ ቡናዬን በፔርሙዝ ይዤ፣ አሸዋው ላይ ወንበር ዘርግቼ ስመለከት ውያለሁ። አሳቲግ የዱር ፈረሶች ያሉበት ደሴት ነው፤ የልጅ ልጆቼ ዓሣውን ትተው ፈረሶቹን ሲያዩ ይውላሉ። እኔ የታዘብኩት አጥማጆቹን ነው። ከአጥማጅ ይልቅ ጠያቂ ሆኜ፣ ይህ ምንድን ነው፣ ያኛውስ ለምን ተወደደ እያልኩ አማቼን አሰልችቼዋለሁ።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሪል በማጥመጃው ዘንግ ላይ ታስሮ ክሩን የሚጠቀልለውና የሚለቀው መሣሪያ ነው። እኛ ሐዋሳም ሆነ ዝዋይ ያየነው ዓሣ በመረብ ወይም በእጅ በተያዘ ክር የሚወጣ በመሆኑ ብዙዎቻችን አናውቀውም። አትላንቲክ ዳር ግን ሰውዬው ጀልባ የለውም። አሸዋው ላይ ቆሞ፣ 3 ሜትር ከዚያም በላይ በሚረዝም ዘንግ፣ ከ100 እስከ 200 ግራም የሚመዝን እርሳስ ከማዕበሉ ማዶ ይወረውራል። ትልቅ ዓሣ ሲይዝለት ሪሉ ውስጥ ያለው ፍሬን፣ እነርሱ ድራግ የሚሉት፣ ክሩን እየያዘና እየለቀቀ ዓሣውን ያደክመዋል። ፍሬኑ ድርቅ ካለ ክሩ ይበጠሳል፤ ከላላ ዓሣው ክሩን ጨርሶ ይሄዳል። እንግዲህ ገንዘቡ የሚከፈለው ለዚህ ፍሬን፣ ለጥርሶቹ፣ ለኩሽኔታዎቹና ከሁሉም በላይ ውኃ እንዳይገባ ለሚዘጉት ጎሚኒዎች ነው።

ሪልን የሚገድለው ጨውና አሸዋ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። እኛ ነርሶች ጨው በብረት ላይ የሚሠራውን ከባሕር ርቀንም እናውቀዋለን። በጤና ተቋም ያገለገሉ መቀሶችና ፒንሶች በ0.5 በመቶ የክሎሪን ውኃ ለ10 ደቂቃ ተዘፍዝፈው ይወጡና ይታጠባሉ። ተረኛው ረስቶ ካሳደራቸው፣ አይዝግም የተባለው ስቴንለስ ብረት ጠዋት ላይ ነቁጥ ነቁጥ ዝገት አውጥቶ፣ የፒንሱ መገጣጠሚያም አልከፈት ብሎ ይገኛል። የባሕር ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድም ሥራው ይኸው ነው፤ ብረቱን የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን በጥቃቅን ነጥብ እየበሳ ይገባል። ጨው ደርቆ ሲቀር ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሎ «ያረፈው» ሪል ከውስጥ እየተበላ ነው።

ወደ ዋጋው ልምጣ። ከ50 እስከ 80 ዶላር የሚሸጡት አብዛኞቹ ለሐይቅና ለወንዝ የተሠሩ ናቸው፤ ጨው ውስጥ ቶሎ ይሞታሉ። ከ150 እስከ 250 ዶላር ባለው መካከል ግን በጎሚኒ የተዘጉ፣ ማዕበል ቢረጫቸው ውኃ የማያስገቡ አሉ፤ የፔን ስፒንፊሸር አንዱ ነው። ፔን እ.ኤ.አ. በ1932 ፊላደልፊያ የተመሠረተ ድርጅት ነው፤ ባሕር ዳር ከምታዩዋቸው ዘንጎች በብዙዎቹ ላይ ስሙ አለ። ከላይኛው ረድፍ የጃፓኑ ሺማኖ ስቴላና ቫን ስታል የሚባለው ይገኛሉ። እዚህ ዋጋው 1,000 ዶላር አካባቢ ይደርሳል፣ ያልፈዋልም። ሺማኖን የብስክሌት ካምቢዮ ላይ ስሙን አይታችሁት ይሆናል፤ ያው ቤት ነው።

የውዱ ሪል ጥራት ማታለያ አይደለም። አማቼ ከአንድ ወዳጁ ተውሶ አስይዞኛል። ማዞሪያው እንደ ቅቤ ይዞራል፤ የራሱን ሲያስይዘኝ ልዩነቱ ለእኔ እንኳ ገባኝ። ጥያቄው ያንን ጥራት ማን ይፈልገዋል ነው። በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ጫፍ፣ ሞንታክ በሚባል ቦታ፣ የጠላቂ ልብስ ለብሰው በሌሊት ባሕሩ ውስጥ ካለ ቋጥኝ ላይ ቆመው የሚያጠምዱ ሰዎች አሉ። ማዕበሉ በላያቸው ያልፋል፤ ሪላቸው በየጊዜው ይሰጥማል። ለእነርሱ ውኃ ጨርሶ የማያስገባ ሪል መግዛት ቅንጦት አይባልም። ደረቅ አሸዋ ላይ ቆሞ፣ ዘንጉን በቱቦ ላይ ሰክቶ፣ ሳንድዊች እየበላ ለሚጠብቅ አባት ግን ሌላ ነገር ነው።

እስቲ እናስላው። ልጅዎ በዓመት ስድስት ቅዳሜ ነው የሚሄደው ብለውኛል። የ180 ዶላሩ ሪል እየታጠበ አምስት ዓመት ቢያገለግለው 30 ጊዜ ሄደበት ማለት ነው፤ ለአንድ ጊዜ 6 ዶላር ይወጣል። የ900ው ሃያ ዓመት ቢቆይለት 120 ጊዜ ነው፤ ለአንድ ጊዜ 7 ዶላር ተኩል፣ የእድሳቱ ወጪ ሳይቆጠር። በዓመት 60 ቀን የሚሄድ ሰው ቢሆን ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ርካሹ በሁለት ዓመት አልቆ እየደጋገመ ሲገዛ፣ ውዱ ዋጋውን ቀስ በቀስ ይመልሳል። እንግዲህ የሪሉን ጥሩነት ከመጠየቅ በፊት ሰውዬው ስንት ቀን ይሄዳል ብሎ መቁጠር ይቀድማል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአትላንቲክ ዳርቻ ሁሉም የሚመኙትን ስትራይፕድ ባስ ከውቅያኖሱ ሲያጠምዱ፣ አንድ ሰው በቀን ይዞ መሄድ የሚችለው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ርዝመቱ ከ28 እስከ 31 ኢንች፣ ማለትም ከ71 እስከ 79 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ። ከዚያ የበለጠው ይመለሳል፤ ትልልቆቹ እንቁላል የሚጥሉት እናቶች ናቸውና። ስለዚህ በ900 ዶላሩም ሆነ በ180ው ወደ ምራትዎ ድስት የሚገባው ያው አንድ ዓሣ ነው።

አያያዙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው። ውድ ዕቃ የገዛ ሰው «ይህ እኮ ውኃ አያስገባም» ብሎ ሳያጥበው ያስቀምጠዋል። ያልታጠበ የ900 ዶላር ሪል ከታጠበ የ180 ዶላር ሪል ቀድሞ ቢሞት አይገርመኝም። ከባሕር በተመለሱበት ዕለት፣ ራት ከመብላት በፊት፣ ፍሬኑን አጥብቆ መዝጋት፣ ከዚያ በለስላሳ ፍሰት ንጹሕ ውኃ ከላይ ማፍሰስ ነው። በኃይል የሚረጭ ጎማ አይሆንም፤ ጨውንና አሸዋን ወደ ውስጥ ይነዳል። ባልዲ ውስጥ መዘፍዘፍም ያው ነው፤ ሙሉ በሙሉ ያልተዘጋ ሪል ውኃ ይጠጣል። ቀጥሎ አራግፎ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ ፍሬኑን መልሶ ማላላት ያስፈልጋል። ተጠብቆ ከከረመ በውስጡ ያሉት ዲስኮች ተጨፍልቀው በሚቀጥለው ጊዜ ይነክሳል፣ ይንገጫገጫል። ክሩ የሚያልፍባት ትንሽ ተሽከርካሪ አለች፤ ኩሽኔታዋ ከሁሉ ቀድማ የምትሞተው እርሷ ናትና አንድ ጠብታ ዘይት አትነፈግ። ለጥርሶቹ ግሪስ፣ ለኩሽኔታ ዘይት፤ እንዳይለዋወጡ። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ውዱን ሪል የገዛ ሰው የማይነገረው ነገርም አለ። መካከለኛውን ሪል አማቼ በዓመት አንድ ጊዜ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ ግሪስ ቀብቶ ይገጥመዋል (ልጄ ግሪሱን ጠረጴዛዋ ላይ ስታይ የምትለውን እዚህ አልጽፈውም)። በብዙ ጎሚኒ የታሸገው ግን እንዲህ አይደፈርም። አንዱ ጎሚኒ ጥቂት ከቦታው ቢንሸራተት የተከፈለበት ጥቅም ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ለእድሳት ወደ ባለሙያ ይላካል፤ ይከፈልበታል፣ ይጠበቃል።

አሁን እንደ ነርስ የሚያሳስበኝን ልናገር። ከሪሉ ዋጋ ላይ ተቀንሶ ጥቂት ዶላር ቢውልባቸው የምላቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ከእርሳሱ በላይ የሚታሰረው ወፍራም ክር ነው። ያ ሁሉ እርሳስ ሲወረወር ቀጭኑ ክር ከተበጠሰ እርሳሱ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይተኮሳል፤ አጠገብ ያለ የልጅ ራስ ላይ ሊያርፍ ይችላል። አጥማጆቹ የሚጠቀሙበት መለኪያ ለእያንዳንዱ አውንስ እርሳስ 10 ፓውንድ የሚችል ክር ነው፤ 5 አውንስ ከሆነ ባለ 50 ፓውንድ ማለት ነው። ልጆች ከሚወረውረው ሰው ኋላም ጎንም ርቀው ይቁሙ። ሁለተኛው መንጠቆው ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈው ክብ መንጠቆ ዓሣውን ከከንፈሩ ይይዛል፤ ሰውንም እንደ ቀጥተኛው ቶሎ አይወጋም። ስትራይፕድ ባስን በቁራጭ ዓሣ ለሚያጠምድ ደግሞ በሕግ ግዴታ ነው።

መንጠቆ ጣት ውስጥ ከገባ ወደ ኋላ ጎትቶ ማውጣት ሥጋ ይቀድዳል፤ ጫፉ ላይ ያለው እሾህ የተሠራው እንዳይወጣ ነው። ጠለቅ ካለ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ የመጨረሻው የቲታነስ ክትባት ከተወሰደ አምስት ዓመት ካለፈም ይከተቡ። ዓይን አጠገብ ወይም ዓይን ውስጥ ከሆነ ማንም እንዳይነካው። በወረቀት ኩባያ ከልሎ፣ ሳይጫኑ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። መነጽር ለልጆቹ ይደረግላቸው ያልኩት ለዚህ ነው፤ አማቼ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፣ አሁን ራሱም ያደርጋል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ እኅቴ፣ ልጅዎ አልተታለለም። ጥሩ ዕቃ ነው የገዛው፤ ለእርሱ ቅዳሜዎች ግን ከልክ ያለፈ ነው። ገና ባሕር ካልነካው ይመልሰው። ነክቶትም ከሆነ እነዚህ ስመ ጥር ሪሎች ያገለገሉም ቢሆን ደህና ዋጋ ያወጣሉ፤ ይሽጠውና በመካከለኛው ይተካው፣ የተረፈው ለምራትዎ ይሁን። እምቢ ካለ ግን ደጋግመው አይንገሩት። ምራትዎን ይበልጥ ያስከፋት ሳትጠየቅ መገዛቱ ይመስለኛል፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ሪል አይፈታውም። የልጅ ልጅዎ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ብለዋል፤ ለእርሱ ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ቀላል ዘንግና ርካሽ ሪል ይበቃዋል። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፈቃድ አያስፈልገውም። እጥበቱን ለእርሱ ይስጡት፤ የሁለቱንም ሪል። ልጆች ውኃ የሚነካ ሥራ አይጠሉም።

ለባለቤትዎ የሚላከው አሮጌ ሪል ግን ደስ አሰኝቶኛል። ጣና ጨው የለውም። አትላንቲክ ላይ ሊሞት የተቃረበ ሪል ለአምባዛና ለቆሮሶ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ብቻ ልጅዎ ከመላኩ በፊት ፈትቶ ያጽዳው፤ የገባው ጨው ከሻንጣ ውስጥም ሆኖ መብላቱን አያቆምምና። ያችን ክሩ የሚያልፍባትን ትንሽ ኩሽኔታ ይቀይርለት፤ መለዋወጫ ጎሚኒና አንድ ትንሽ ጣሳ ግሪስም አብሮ ይላክ። ክሩንም አዲስ ይጠቅልልበት፤ አሮጌውን ፀሐይ አድርቆታል።