የደም ቆጠራ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም

በዛሬው የጤና ዓምዳችን ስለ ጨጓራ ነቀርሳና ስለ ደም ቆጠራ ጥቂት ለመግለጽ እንወዳለን። ነቀርሳ የምንለው ዛሬ ብዙ ሰው ካንሰር ብሎ የሚጠራውን በሽታ ነው።

በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 970 ሺህ ያህል አዲስ የጨጓራ ነቀርሳ በሽተኞች እንደ ተገኙ፣ 660 ሺህ ያህል ሰዎችም እንደ ሞቱበት ይገመታል። በሽታው ሲጀምር ተራ የሆድ ሕመም ስለሚመስል፣ ሰው «ቃር ነው» እያለ ይቆያል። ሐኪም ዘንድ ሲደርስም ብዙ ጊዜ በሽታው ሥር ሰዷል። ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይድናል ወይ?»

ሐኪሞች ለዚህ ጥያቄ ፍንጭ ከሚሹባቸው ነገሮች አንዱ ተራው የደም ቆጠራ ነው። በደማችን ካሉት ነጭ ሕዋሳት ኒውትሮፊል የሚባሉት ብግነት ባለበት፣ ማለት የታመመው አካል በቀላበትና ባበጠበት ስፍራ፣ ቀድመው ይደርሳሉ። ሊምፎሳይት የሚባሉት ግን ባዕዱን ለይተው ያጠፋሉ፤ የነቀርሳን ሕዋስም ሊገድሉ ይችላሉ። የፊተኞቹ ቁጥር ለኋለኞቹ ይካፈላል። ለምሳሌ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 6000 ኒውትሮፊልና 1500 ሊምፎሳይት ቢገኝ ውጤቱ 4 ይሆናል። በጃፓን፣ በቻይናና በኮሪያ በተደረጉ ብዙ ጥናቶች፣ ከሕክምና በፊት ይህ ውጤት ከፍ ያለባቸው በሽተኞች ዝቅ ካለባቸው ይልቅ በአማካይ አጭር ጊዜ እንደሚኖሩ ታይቷል። ብግነት ነቀርሳን ያበረታታል፤ የሊምፎሳይት ማነስም የሰውነትን መከላከያ ያደክማል። ብግነትና ነቀርሳ ዝምድና እንዳላቸውማ ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮ ገና እ.ኤ.አ. በ1863 ገምቶ ነበር።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። አንደኛ፣ ወባ ወይም ሌላ ሕመም ሊለውጠው ይችላል። ሁለተኛ፣ ከአፍሪካና ከዐረብ ምድር ሰዎች ብዙዎቹ ጤነኞች ሳሉ የኒውትሮፊላቸው ቁጥር በተፈጥሮ አነስተኛ ስለሆነ፣ በቶኪዮ የተሠመረው ወሰን ለካርቱም ሰው እንዳለ ሊያገለግል አይችልም። ሦስተኛ፣ አማካይ ስለ ብዙዎች ይናገራል እንጂ በአንዱ ላይ አይፈርድም።

ስለዚህ እያንዳንዱ አገር የራሱን በሽተኞች ደም ቆጥሮ፣ መዝግቦና ተከታትሎ ወሰኑን ማወቅ ያስፈልገዋል። ለሱዳን ይህን ለመሥራት ተስማሚ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የካርቱም የጨረርና የአይሶቶፕ ማዕከል ነው። ነገር ግን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ በከተማይቱ ጦርነት በተነሣ ጊዜ የማዕከሉ ሥራ ተቋረጠ። ሕክምና ፍለጋ ብዙዎች ወደ ወድ መደኒ ሄዱ፤ ያችም ከተማ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. በተዋጊዎች እጅ ወደቀች። በካርቱም ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ከነዋሪው ጋር ተሰደዱ። ሐኪምና በሽተኛ ሲበተኑ መዝገብም ይበተናል፤ የትናንቱ ቁጥር ከሌለ የዛሬውን የሚያመዛዝኑበት አይገኝም።

እንግዲህ ለአንባቢዎቻችን የምንመክረው ይህ ነው። የደም ምርመራ ወረቀት፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ከመታወቂያና ከልደት ወረቀት ጋር ይቀመጥ። ሌላ አገር የሚገኝ ሐኪም ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቶ በሽታው ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ይረዳዋልና። ወረቀቱን ያነበበ ዘመድም በራሱ ሒሳብ ተስፋ ቆርጦ በሽተኛውን ከሕክምና አያስቀር። ያለ ምክንያት የከሳ፣ መዋጥ የተቸገረ፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው ወይም ዐይነ ምድሩ እንደ ቅጥራን የጠቆረ ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይመርመር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና።