ግብፅ ውስጥ ግብፃዊ የለም እንዴ?

ላሊበላ ነው የማስተምረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጥቂት የዘጠነኛና የአስረኛ ክፍል ልጆች ጋር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እናነባለን። በቅርቡ የጨረስነው የአጋታ ክሪስቲን «ዴዝ ኦን ዘ ናይል» ነው፤ ለቋንቋ ተማሪ አሳጥረው ያዘጋጁትን። ዋናው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣ ነው። ሀብታም ሙሽራ በናይል መርከብ ላይ ትገደላለች፤ ባለ ጢሙ ቤልጂማዊ መርማሪ ፖይሮ ደግሞ ነገሩን አንድ በአንድ ይፈታዋል። ልጆቹ በጣም ወደዱት። ገዳዩ ማነው ብለው በሻይ እስከ መወራረድ ደረሱ።

ስንጨርስ አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ግብፅ ውስጥ ግብፃዊ የለም እንዴ?» አለኝ።

ሳቅን። ማታ ቤቴ ገብቼ ሙሉውን መጽሐፍ ሳገላብጥ ግን ልጁ እውነቱን ነው። አስዋን አለ፣ አቡ ሲምብል አለ፣ ወንዙ አለ። ግብፃውያኑ ግን ዕቃ ሲሸከሙ፣ ጌጣ ጌጥ ሲሸጡ፣ ቱሪስት እየተከተሉ ሲያስቸግሩ ነው የሚታዩት። ተጠርጣሪ ለመሆን እንኳ የበቃ አላገኘሁም!

ለምን እንደከነከነኝ ልንገራችሁ። የዚያ ልጅ ወንድም አስጎብኚ ነው። የስንቱ ቱሪስት ፎቶ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ መሀል ሆኖ የሱ ግማሽ ትከሻ ጥግ ላይ ይታያል።

ይህ ዓይነት መጽሐፍ በዓለም ላይ ብዙ አንባቢ አለው። ደም የማይበዛበት፣ ሻይ እየጠጡ የሚያነቡት ለስላሳ የወንጀል ታሪክ ነው፤ ቦታው ደግሞ ሰው ሄጄ ባየሁት ብሎ የሚመኘው። «የጊዜ ማሳለፊያ ነው» ብለው የሚንቁት አሉ። እኔም አንዱ ነበርኩ። አሁን ግን አልንቀውም። ብዙ ሰው በእግሩ ያልረገጠውን አገር የሚያውቀው በእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ነው። ስለዚህ አሁን መጀመሪያ የማየው ምስጢሩን የሚፈታው ማን እንደሆነ ነው። እንግዳው ነው ወይስ የአገሬው ሰው?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦትስዋናን ይዤላቸው ሄድኩ። የአሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ «የሴቶች መርማሪ ድርጅት ቁጥር 1»፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው። ማ ራሞትስዌ («ማ» የምትለዋን እንደኛ «እትዬ» በሏት) አባቷ ደቡብ አፍሪካ ማዕድን ቆፍሮ ያፈራቸውን ከብቶች ሸጣ ጋቦሮኔ ላይ ቢሮ ትከፍታለች። አንዷ ባለጉዳይ ጋ አንድ ሰውዬ መጥቶ «የጠፋው አባትሽ ነኝ» ብሎ ቁጭ ብሎ ይጦራል። ማ ራሞትስዌ የነርስ ልብስ ተውሳ ትሄድና «ልጅህ አደጋ ደርሶባታል፣ ደም ትሰጣታለህ፤ ግን አንተ ልትሞት ትችላለህ» ትለዋለች። ሰውዬው ወዲያው «አባቷ አይደለሁም!» አለ። የሰለሞን ፍርድ ማለት ነው። ልጆቹ አጨበጨቡ። መሣሪያ የለ፣ ላቦራቶሪ የለ፤ ሰው ማወቅ ብቻ።

እርግጥ ይሄም እንከን አለበት። ጸሐፊው የዛሬዋ ዚምባብዌ ውስጥ ተወልዶ በቦትስዋና ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተማረ ስኮትላንዳዊ ነው። ያን ጊዜ አገሪቱን ኤድስ እያረገፋት ነበር፤ መጽሐፉ ግን ይህን ጠጋ ብሎ አያየውም። ለስላሳ ታሪክ ለስላሳ አገር ይፈልጋል መሰለኝ። ቢሆንም ጋቦሮኔን የሚያውቃት ሰው ጋቦሮኔ ውስጥ አለ። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ከዚያ «የላሊበላን እናንተ ጻፉ» አልኳቸው። ያ ልጅ ግማሽ ገጽ ይዞ መጣ። አንድ ፈረንጅ ካሜራው ይጠፋል። ፖሊስ ይመጣል፣ አስጎብኚው ይጠረጠራል። የሚፈታው ማን መሰላችሁ? በር ላይ የምትቀመጠው ጫማ ጠባቂ! ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ቸኩሎ የሰው ጫማ አጠለቀ፤ ሁሉን ከጫማው ታውቃለች። ለዚህ ከተማ ከሷ የተሻለ መርማሪ ከየት ይመጣል?

እንግሊዝኛው ስህተት በስህተት ነው። አላረምኩትም። መጀመሪያ ይጨርሰው፤ በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ።

እናንተስ? በከተማችሁ ሁሉን የሚያይ ግን ማንም የማይጠይቀው ሰው ማነው? እስቲ ከታች ጻፉልኝ፤ ቅዳሜ ለልጆቹ አነብላቸዋለሁ።