«ዴራ» ብሎ የፈለገ ምን ያገኛል? በስም ብቻ ስለሚደረግ የቦታ ፍለጋ

በአርሲ ዞን ዶዶታ ወረዳ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዴራ የምትባል ከተማ አለች። ስለ አካባቢዋ ዝናብ፣ ስለ ስንዴ ምርቷ ወይም ስለ መሬት አጠቃቀሟ የተጻፈ ጥናት የሚሻ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ስሟን በዲጂታል ቤተ መጻሕፍት መፈለጊያ ሣጥን ውስጥ በመጻፍ ነው። ሣጥኑ ተከታታይ ፊደላትን ብቻ የሚያመሳስል ከሆነ በቅድሚያ የሚዘረግፍለት «ፌዴራል» የሚል ቃል ያለባቸውን ሰነዶች ነው፤ ፌዴራል ዴራን በሆዱ ይዟልና። ሙሉ ቃል ብቻ እንዲፈልግ ቢታዘዝ ደግሞ «የዴራ»፣ «በዴራ»፣ «ዴራና» ተብለው የተጻፉት ሁሉ ያመልጡታል።

ነገሩ ፈገግ ቢያሰኝም መዘዙ ቀላል አይደለም። ስም ቦታን ለመጥራት የሚበቃውን ያህል ቦታን ለመለየት አይበቃም። የድኅረ ምረቃ ጽሑፎች ግን የጥናት ቦታቸውን ዛሬም በአመዛኙ በስም ብቻ ያስተዋውቃሉ፤ የመጋጠሚያ ነጥብ ቢኖር እንኳ ካርታ ላይ እንደ ጌጥ ተቀምጦ ይቀራል እንጂ በፍለጋ አይገኝም።

ይህን ልዩነት ከብዙ የመረጃ ሳይንስ መጻሕፍት ይልቅ አንድ ጨዋታ ቀድሞ የተረዳው ይመስላል። ጂኦካቺንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 አሜሪካ በሲቪል የጂፒኤስ ምልክት ላይ ሆን ብላ ታደርገው የነበረውን ማዛባት ባቆመች ማግሥት በኦሪገን የተጀመረ ሲሆን፣ አንዱ ዕቃ ደብቆ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ያስታውቃል፣ ሌላው በመሣሪያ እየተመራ ይፈልገዋል። ደባቂው ለመደበቂያው ያሻውን ስም ይሰጣል፤ ቀልድ፣ እንቆቅልሽ፣ የዘፈን ርእስ ሊሆን ይችላል። በስም ውስጥ ቃል መፈለግ ይቻላል፤ ሆኖም በአንድ ከተማ ስም የፈለገ ሰው የሚያገኘው በከተማው ያሉትን መደበቂያዎች ሳይሆን ስማቸው ያን ቃል የያዘውን ብቻ ነው፣ በሌላ አህጉር ቢሆኑም። ስለዚህ ጨዋታው ማንነትን ለስም አልተወውም። እያንዳንዱ መደበቂያ የማይደገም መለያ ኮድ አለው፤ ያለበት ቦታ ደግሞ በመጋጠሚያ ነጥቡ ይታወቃል። ለመዝናኛ የተደረገው ጥንቃቄ ለምርምር አለመደረጉ ያስገርማል።

የዴራ ስም ችግሩን በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ያሳያል። የመጀመሪያው ያልተፈለገው መምጣቱ ነው። በሰሜን ሸዋ ጉንዶ መስቀል ማእከሉ የሆነ ደራ ወረዳ አለ፤ በደቡብ ጎንደርም ከጣና ሐይቅ የሚዋሰን ሌላ ደራ ወረዳ አለ። በአማርኛ «ዴ» እና «ደ» ይለያዩዋቸዋል። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ግን ልዩነቱ ይጠፋና ሦስቱም አንድ ዓይነት አራት ፊደል ይሆናሉ። የስምጥ ሸለቆው ዶዶታ ድርቅ የሚያጠቃው አካባቢ ነው፤ የጣና ዳርቻው ደራ ግን ዝናቡ የተሻለ ነው። የአንዱ መረጃ በሌላው ስም ትንታኔ ውስጥ ቢገባ ስሌቱ ያለ እንከን ይሠራል፣ ውጤቱ ግን ሐሰት ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት ፈታኝም በቀላሉ አይደርስበትም። በአማርኛ የፈለገም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያመልጥም፤ «ደራ» ሲል «ደራሲ» ይመጣል፣ «ገበያው ደራ» ይመጣል፣ የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉም ትመጣለች።

ሁለተኛው የተፈለገው አለመምጣቱ ነው፤ ይህ የከፋ ነው፣ ያልመጣውን ማንም አያየውምና። የዴራ ስም በኦሮምኛ የሚጀምርበት ድምፅ በቁቤ «ዲ» እና «ኤች» ተጣምረው ይጻፋል፤ በግዕዝ ፊደልም ለዚሁ ድምፅ የተዘጋጀው «ዼ» ከ«ዴ» የተለየ ነው። አሰላ በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ «ኤስ»፣ አንድ ጊዜ «ኤል»፣ ሌላ ጊዜ ሁለቱም እየተደገሙ ይጻፋል። በአማርኛም «አሰላ» የሚል አለ፣ «አሠላ» የሚል አለ። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያካትት ለእያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር ስለ ሰጠ፣ ለጆሮ አንድ የሆኑት «ሰ» እና «ሠ» ለኮምፒዩተር እንደ «በ» እና «ተ» የተራራቁ ናቸው።

በዚህ ላይ ታሪክ ይጨመራል። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ፣ ስለ አርሲ ግብርና በእንግሊዝኛ በርካታ ጥናቶችን ትቷል። በዚያ ዘመን ሰነዶች ጠቅላይ ግዛቱ «አሩሲ» ነው፤ የጥናቱ ክልልም ጭላሎ አውራጃ እንጂ ዞን አይደለም። ኋላም ዶዶታና ሲሬ ተብሎ አንድ የነበረው ወረዳ ዶዶታ እና ሲሬ ተብሎ ተከፍሏል። በዛሬው ስም ብቻ የሚፈልግ ተማሪ የቀደመውን ሥራ ሳያይ «በአካባቢው የተደረገ ጥናት የለም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

የተለመደው መፍትሔ ሞክሼ ሆሄያትን አንድ የሚያደርግ ፕሮግራም መጠቀም ነው። ለፍለጋ ብቻ እስከ ዋለ ድረስ ይጠቅማል። የተቀመጠውን ጽሑፍ ራሱን ግን መለወጥ የለበትም፤ ፀሐይ «ሠረቀ» እና ሌባ «ሰረቀ» አንድ አይደሉምና። ያም ሆኖ ፕሮግራሙ ዴራን ከፌዴራል አይለይም፤ «ጭላሎ» ሲባልም ዴራን አያስታውስም።

የመንግሥት የአስተዳደር ኮድ ይበቃል የሚል ክርክርም ይነሣል። ኮዱ ከስም ይሻላል፤ ነገር ግን ወረዳ ሲከፈል እርሱም አብሮ ይለወጣል። የማይለወጠው ነጥቡ ነው። ዴራ ከተማ 8.3 ሰሜን፣ 39.3 ምሥራቅ አካባቢ ናት፤ ስሟም ወረዳዋም ቢለወጥ ከዚያ አትነቃነቅም። እንዲህ ከነጥብ በኋላ አንድ አኀዝ ብቻ ሲጻፍ ግን የአንዱ እርከን ስፋት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ኩሉምሳን ከአሰላ መለየት እንኳ ያዳግታል፤ ሁለት አኀዝ ሲሆን ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይጠብባል።

የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ከእያንዳንዱ መመረቂያ ጽሑፍ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ቢጠይቁ በቂ ነው፦ ለእያንዳንዱ የጥናት ቦታ የመጋጠሚያ ነጥቡን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ የሚጻፍባቸውን መልኮች፣ የቀድሞ ስሞቹን፣ ወረዳውን ከነ ዓመተ ምሕረቱ። ሠንጠረዡም በካርታ ሥዕል ውስጥ ሳይሆን ቤተ መጻሕፍቱ በሚፈልግበት የመረጃ መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት። ጂፒኤስ ያለው ስልክ የያዘ ተማሪ ይህን ለመሙላት ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅበትም። ጥንቃቄ የሚሻው የቤተሰብ ጥናት ነው፤ እዚያ የሚመዘገበው ነጥብ የቀበሌው ማእከል ይሁን፣ የመላሹ ደጅ አይሁን።