የኳስ ሜዳ መብራትና የመሬት ሽቦ

በኤሌክትሪክ መብራት ማታ ኳስ መጫወት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 1878 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ፣ ብራሞል ሌን በተባለው ሜዳ፣ በእንጨት ማማ ላይ በተሰቀለ መብራት ጨዋታ ተደርጎ ሕዝቡ በመደነቅ ተመልክቶታል። ዛሬ የእንጨቱ ማማ ቀርቶ በስፍራው የብረት ምሰሶ ቆሟል። ደረቅ እንጨት ኤሌክትሪክን አያሳልፍም፤ ብረት ግን ያሳልፋል። ዛሬ የምንናገረውም ስለዚሁ ነው።

በከተሞቻችን ወጣቶች ከሥራና ከትምህርት በኋላ በመብራት የሚጫወቱባቸው ሜዳዎች መገኘታቸው ደስ ያሰኘናል። ዳሩ ግን ደስታው ምሉእ የሚሆነው ለጨዋታ የወጣው ልጅ በደኅና ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። በምሰሶው ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ አርጅቶ ወይም በብረቱ ጠርዝ ተፍቆ ልባሱ የተላጠ እንደ ሆነ፣ ምሰሶው ራሱ 220 ቮልት ተሸክሞ ይቆማል። መብራቱ ግን እንደ ወትሮው ስለሚበራ አደጋውን የሚጠረጥር አይኖርም። በዝናብ የራሰ ተጫዋች ኳሱን ሊያመጣ ሄዶ ምሰሶውን ቢደገፍ፣ ኤሌክትሪኩ በእጁ ገብቶ በእግሩ ይወጣል።

አንዳንዶች በምሰሶው ሥር አንድ ዘንግ መሬት ውስጥ ከቀበሩ ሥራው ሁሉ የተፈጸመ ይመስላቸዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በደረቅ መሬት የተቀበረው ዘንግ 100 ኦም የሚከለክል ቢሆን፣ 220 ቮልት በዚያ ውስጥ የሚያሳልፈው 2.2 አምፔር ብቻ ነው። በ16 አምፔር የሚቆርጠው ፊውዝ ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ሰውን ለመግደል ግን የአንድ አምፔር ጥቂት ክፍል ይበቃል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው፣ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የመሬት ሽቦ ከማከፋፈያው ሳጥን ተነሥቶ ከእያንዳንዱ ምሰሶ ብረት ጋር በብሎን መጥበቅ አለበት። ሁለተኛው፣ በሄደውና በተመለሰው ኤሌክትሪክ መካከል የ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ሲያገኝ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል በሚሆን ጊዜ መስመሩን የሚቆርጠው መሣሪያ ሊኖር ይገባል። ይህ መሣሪያ ደጋግሞ ሲቆርጥ ጨዋታው እንዳይቋረጥ ተብሎ መስመሩን በሌላ ሽቦ የሚያሳልፍ ሰው፣ ቤቱን የሚጠብቅለት ውሻ ስለ ጮኸ የሚገድለውን ሰው ይመስላል። የጮኸው ሌባ አይቶ እንደ ሆነስ?

የመሬቱ ሽቦ መብረቅን ያስቀራል ብሎ መታመንም አይገባም፤ ሰማዩ ሲያጉረመርም ጨዋታውን አቁሞ ከምሰሶው መራቅ ነው።

እኛ የምናሳስበው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የሜዳ ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች ክረምት ሳይገባ፣ መሬቱ ደርቆ ሳለ፣ ባለሙያ ጠርተው እያንዳንዱን ምሰሶ ያስለኩ፤ የመሣሪያውን መሞከሪያም በየጊዜው እየተጫኑ መቁረጡን ይመልከቱ፤ የምሰሶው በር ተከፍቶ ሽቦ ከታየም ሜዳውን ይዝጉ። ወላጆችም ልጆቻቸው የሚጫወቱበት ምሰሶ መቼ እንደ ተለካ ቢጠይቁ መብታቸው ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።